ሲዝናል ጆብስ፦ እንዳታመለክቱ ተብሎ የተጻፈ የሥራ ማስታወቂያ

ከአምስት ኮከብ ሦስት። ሁለቱን የቀነስኩት ድረ ገጹ አስቸጋሪ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙ የመንግሥት ድረ ገጽ ይሻላል። የቀነስኩት ማስታወቂያውን የሚያወጡት ቀጣሪዎች አብዛኞቹ ስልካቸው እንዲጮህ ስለማይፈልጉ ነው። ሕግ አስገድዷቸው ነው የሚያወጡት። ይሄን አውቃችሁ ከገባችሁ ግን ይጠቅማችኋል፣ አሜሪካ ላላችሁትም፣ አገር ቤት ሆናችሁ «የእርሻ ቪዛ ተገኘ» የሚል ደላላ ለሚደውልላችሁም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሲዝናል ጆብስ የአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር የወቅት ሥራዎችን የሚለጥፍበት ገጽ ነው። አድራሻው ሲዝናልጆብስ ነጥብ ዶል ነጥብ ጎቭ። መጨረሻው ጎቭ ካልሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ቶሎ ውጡ። ነፃ ነው፣ ሥራ ለማየት አካውንት አይጠይቅም። የግዛቱን ወይም የከተማውን ስም ትጽፋላችሁ፣ በአካባቢው ያለው ሥራ ይዘረዘራል፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚፈልጉ፣ በሰዓት ስንት እንደሚከፍሉ ይታያል። ሁለት ዓይነት ነው። የእርሻው ኤች-ቱ-ኤ ይባላል። ሆቴል፣ ሣር ማጨድ፣ አሣ ማሸግና የመሳሰለው ኤች-ቱ-ቢ ነው። እኔ የማወራው ስለ እርሻው ብቻ ነው።

ለምን እንዳለ ካልገባችሁ ማስታወቂያው ራሱ አይገባችሁም። በ1986 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ የአሜሪካ ገበሬ ለአንድ ወቅት ከውጭ ሠራተኛ ማስመጣት ይችላል። መጀመሪያ ግን እዚህ አገር ሰው ፈልጎ ማጣት አለበት። ማጣቱን ለማሳየት ደግሞ መፈለጉን ማሳየት አለበት። ይሄ ገጽ የተፈለገው ለዚያ ነው። ገበሬው ብዙ ጊዜ ሰዎቹን ከሜክሲኮ ጨርሶ አስቦ ነው የሚመጣው፣ ባለፈው ዓመት የመጡትን እነ እገሌን በስማቸው ያውቃቸዋል፣ ቤቱም ለእነሱ ተዘጋጅቷል፣ እና እናንተ ከአትላንታ ስትደውሉ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያነሳላችሁ መገመት አያቅትም።

ፕሮግራሙ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2005 የበጀት ዓመት ፈቃድ ያገኘው የሥራ ቦታ 48 ሺህ ገደማ ነበር። በ2023 ከ378 ሺህ በላይ ሆኗል። ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተንና ኖርዝ ካሮላይና ግማሽ ያህሉን ይወስዳሉ። በእርሻ ብቻ በሚተዳደሩ የገጠር ካውንቲዎች (እንደ እኛ ወረዳ ናቸው) ስለ ሥራ ማውራት ማለት በብዛት ስለዚህ ወረቀት ማውራት ነው።

እኔ ገጹን መክፈት የጀመርኩት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። በዲቪ መጥቶ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን የሚኖር ልጅ ነው። ዌርሃውስ ሰዓት ሲቀንሱበት፣ አባቱም ገበሬ ስለነበሩ፣ «እርሻ ሥራ የለም እንዴ እዚህ አገር?» አለኝ። አለ። ከአትላንታ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲነዳ የቪዳሊያ ሽንኩርት አገር ይደረሳል፣ ታትናል ካውንቲ፣ ቱምስ ካውንቲ እና አካባቢው። ቪዳሊያ ጣፋጩ ሽንኩርት ነው። ጆርጂያ በ1986 ባወጣችው ሕግ በዚህ ስም መሸጥ የሚችለው እነዚያ የተወሰኑ ካውንቲዎች ውስጥ የበቀለው ብቻ ነው። ችግኙ ብርድ ሲገባ በእጅ ይተከላል፣ ምርቱ ከሚያዝያ ጀምሮ በእጅ ይነሳል። ሥሩንና ቅጠሉን በመቀስ ቆርጦ ባልዲ መሙላት ነው። በማሽን ብዙ አይሞከርም፣ ይቆስላላ።

አሁን ወደ ማስታወቂያው። በመጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል። 50 ፓውንድ፣ አንዳንዱ ጋ 75 ፓውንድ፣ ደጋግሞ ማንሳት (50ው 23 ኪሎ ገደማ ነው)። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መሥራት። በሙቀት፣ በዝናብ፣ በጭቃ መሥራት። ቅዳሜ መሥራት። አንዳንዱ የወራት ልምድ ከነማስረጃው ይላል። ሽንኩርት ለመቁረጥ የሥራ ልምድ ደብዳቤ! አይ፣ ሥራው ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፣ ከባድ ነው። ግን ያ ሁሉ ዝርዝር እናንተን ለማሳወቅ ብቻ ተጻፈ ብላችሁ አትመኑ። ሌላ ሥራ ማስታወቂያ ያባብላል፣ «ወዳጃዊ የሥራ ቦታ» ምናምን ይላል። ይሄኛው ያባርራል።

ታዲያ የሚያስገርመው ይሄ የሚያባርር ማስታወቂያ እኔ ካየኋቸው ሁሉ ሐቀኛው መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ሙሉውን ፒዲኤፍ አውርዱ፣ 790ኤ የሚባለውን ፎርም። እሱ ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን ውል ነው ማለት ይቻላል። ማሳው የት እንደሆነ፣ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ምግብ ይቀርባል ወይስ ራሳችሁ ታበስላላችሁ፣ ከደሞዝ ምን ይቆረጣል፣ ሁሉም ተጽፏል። የትኛው ዌርሃውስ ነው ከመቀጠራችሁ በፊት ይሄን የሚነግራችሁ?

እና ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ዜጋ ከሆናችሁ፣ ግሪን ካርድ ካላችሁ፣ ወይም በስደተኛነት ወይም በጥገኝነት የተፈቀደላችሁ ከሆነ፣ በዚህ ሕግ ዓይን የአሜሪካ ሠራተኛ ናችሁ። መስፈርቱን የምታሟሉ ከሆነ ቀጣሪው የውሉ ግማሽ እስኪያልቅ ድረስ እናንተን መቅጠር ግዴታው ነው። የውጭዎቹ መጥተው ሥራ ከጀመሩ በኋላም ቢሆን! «ሞልቷል» ማለት አይሠራም። ለውጭዎቹ ከሚከፈለው ያነሰ ሊከፍላችሁም አይችልም። በየቀኑ ቤታችሁ መመለስ የማትችሉ ከሆነ ማደሪያ በነፃ ይሰጣችኋል፣ ይሄ ለሜክሲኮዎቹ ብቻ አይደለም። መሥሪያ ዕቃ ከእሱ ነው። የውሉን ግማሽ ከሠራችሁ የመጣችሁበትን የጉዞ ወጪ ይመልሳል፣ ከጨረሳችሁ መመለሻውን ይችላል።

ከሁሉ የምወደው የሦስት አራተኛ ዋስትና የሚባለውን ነው። ውሉ 10 ሳምንት በሳምንት 40 ሰዓት ቢል 400 ሰዓት ነው አይደል? ዝናብ ጣለ፣ ገበያ ወረደ፣ ምርቱ ቶሎ አለቀ ብሎ ሥራ ቢቀንስ፣ ቢያንስ የ300 ሰዓት ሥራ ማቅረብ አለበት፣ ካላቀረበ ይከፍላል። ሰዓት እየቆረጡ የሚያሰቃዩት ዌርሃውስ ውስጥ ይሄ ዋስትና የለም። ግን ጥለህ ከወጣህ ዋስትናው ይቀራል፣ መመለሻውም ይቀራል።

ክፍያው መጥፎ የሚባል አይደለም። መንግሥት በየግዛቱ ከዚያ በታች የማይከፈልበትን ወለል ያወጣል። በ2024 ጆርጂያ ውስጥ በሰዓት 14.68 ዶላር ነበር። ካሊፎርኒያ 19.75። ሚሲሲፒ፣ አርካንሳስና ሉዊዚያና 14.53። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ላይ ተተክሎ ቆሟል፣ ስለዚህ የጆርጂያው እጥፍ ገደማ ነው። በባልዲ ቆጥረው የሚከፍሉ ከሆነና የባልዲው ድምር ከዚያ ወለል ካነሰ ቀጣሪው ይሞላል። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ግን አሰላሉ ተቀይሯል፣ በሙያ ሁለት ደረጃ ገብቷል፣ ብዙ ቦታም ወለሉ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ የድሮ ቁጥር ይዛችሁ ከፎርማን ጋር አትጨቃጨቁ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውን አንብቡ።

ትርፍ ሰዓት? የለም። የ1938ቱ የፌዴራል የሥራ ሕግ ሲወጣ የእርሻ ሠራተኛን ውጪ አስቀርቶት ነበር። ዝቅተኛ ክፍያውን በ1966 ሰጡት፣ ያውም በትልልቅ እርሻዎች ላይ። የትርፍ ሰዓቱን ግን በፌዴራል ደረጃ እስከ ዛሬ አልሰጡትም። ካሊፎርኒያ በ2016 በራሷ ሕግ አስተካክላዋለች፣ ከቀን 8 ሰዓት በላይ ከሆነ አንድ ተኩል ይከፈላል። ጆርጂያ ውስጥ በሳምንት 60 ሰዓት ብትሠሩ 60ውም በአንድ ዋጋ ነው። ሙቀትን በተመለከተም እንደዚሁ፣ ካሊፎርኒያ ከ2005 ጀምሮ ውኃና ጥላ በሕግ ታስገድዳለች፣ ጆርጂያ እንዲህ ያለ የራሷ ደንብ የላትም። አንድ ዓይነት ፎርም፣ አንድ ዓይነት ድረ ገጽ፣ ግን ካውንቲው የትኛው ግዛት ውስጥ እንደሆነ ብዙ ነገር ይለያል። ገጹ ይሄንን አይነግራችሁም።

የአክስቴ ልጅ ደወለ። የመጀመሪያው ቦታ ስልክ አያነሱም። ሌላው ቦታ ያነሳችው ሴትዮ ከሰላምታ በኋላ የጠየቀችው «ሥራው ከባድ እንደሆነ ታውቃለህ?» ብላ ነው። አውቃለሁ አላት። «ሽንኩርት ቆርጠህ ታውቃለህ?» ጤፍ አጭጃለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ነው ያደግኩት አላት። እንደውልልሃለን። አልደወሉም። በመጨረሻ የሠራው ዘዴ በቀጥታ መደወሉን ትቶ በግዛቱ የሥራ ቢሮ በኩል መሄድ ነበር። ማስታወቂያው እነሱ ጋም አለ፣ እነሱ ራሳቸው ላኩት። በቢሮ በኩል የተላከን ሰው ቀጣሪው ያልቀጠረበትን ምክንያት ጽፎ ማቅረብ ስላለበት እንደ ስልኩ በቀላሉ አይሸሽም። ይሄን ብቻ ከዚህ ግምገማ ብትወስዱ ይበቃኛል።

ሄደ። ቤቱ ተጎታች ቤት ነው፣ ለብዙ ወንዶች አንድ ኩሽና። ንጹሕ ነው አለ፣ ምድጃው ጋ ግን ወረፋ ነው። (ባለትዳሮች፣ ማደሪያው አብዛኛውን ጊዜ ለነጠላ ሰው ነው፣ ልጅ ይዤ እሄዳለሁ ብላችሁ አታስቡ።) ክፍያው እንደተጻፈው ነበር፣ ሳንቲም አልተጓደለበትም። ያላሰበው ፍጥነቱን ነው። አብረውት ያሉት ዓመት ጠብቀው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው፣ መቀሱ እጃቸው ላይ አይታይም፣ እሱ አንድ ባልዲ ሲሞላ እነሱ ሦስተኛው ላይ ናቸው። ፎርማኑ በስፓኒሽ ነው የሚያዘው። ምሳ ላይ ብቻውን ነው። ወገቡን ይዞ ውሉ ሳያልቅ ተመለሰ። ሰደቡኝ፣ በደሉኝ አላለም። «ለሰው ልጅ አይሆንም ልልህ አልችልም፣ ሰው እየሠራው ነው» ብቻ ነው ያለኝ።

እሱ ብቻ አይደለም ለነገሩ። በ2011 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሥራ አጥ በነበረበት ጊዜ አንድ የገበሬዎች ማኅበር 6,500 የሥራ ቦታ ነበረው። በሥራ ቢሮ በኩል የመጡት አሜሪካውያን 268 ናቸው። 245ቱ ተቀጠሩ። የመጀመሪያው ቀን የመጡት 163። ወቅቱን የጨረሱት 7። ሰባት ሰው! ገበሬዎቹ ይሄን ቁጥር በደስታ ይጠቅሱታል፣ «አየህ፣ አሜሪካዊ አይሠራም» ለማለት። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ለዚያ ለተሰባበረ ወገብ ክፍያው እጥፍ ቢሆን፣ ትርፍ ሰዓት ቢኖር፣ ሰባቱ ሰባት ሆነው ይቀሩ ነበር?

ቀጣሪው የውጭውን የሚመርጥበት ምክንያት ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ቤት፣ የትራንስፖርትና የወረቀት ወጪ አለበት። በሌላ በኩል በኤች-ቱ-ኤ ሠራተኛ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) አይከፍልም፣ በእኛ ላይ ግን 7.65 በመቶ ይጨምራል። ዋናው ግን ሌላ ነው። የውጭው ሠራተኛ ቪዛው የታሰረው በዚያ ቀጣሪ ላይ ነው። ቢከፋው ጎረቤት እርሻ ሄዶ እንደልቡ መቀጠር አይችልም። የአክስቴ ልጅ ሲመረው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። አጠገቡ የነበረው ሰውዬ ቢሄድ ወደ አገሩ ነው የሚሄደው፣ ምናልባትም የሚቀጥለው ዓመት ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አይኖርም።

ወረቀቱ ላይ ያለውና ማሳው ላይ ያለው ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ሁመራ ወይም መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሰው ይሄን ሳይነገረው ያውቃል። እዚያው ደቡብ ጆርጂያ ውስጥ በ2021 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ 24 ሰዎችን የከሰሰበት ጉዳይ አለ፣ «ብሉሚንግ ኦኒየን» የሚል ስም የተሰጠው ምርመራ ነው። በክሱ እንደተባለው ሠራተኞቹ በዚሁ በኤች-ቱ-ኤ ወረቀት ነው የመጡት፤ ለመምጣት ገንዘብ ተቀብለዋቸዋል፣ ፓስፖርታቸውን ይዘውባቸዋል፣ ሽንኩርት በባዶ እጅ እያስቆፈሩ በባልዲ 20 ሳንቲም ከፍለዋቸዋል። የእነዚያም የሥራ ማመልከቻ ወረቀት ላይ ሕጋዊ ክፍያ ነበር የተጻፈው። ድረ ገጹ ቀጣሪው ከዚህ በፊት ሠራተኛ በድሎ ተቀጥቶ እንደሆነ ከማስታወቂያው ጎን ቢያሳይ አንድ ኮከብ እመልስለት ነበር። መረጃው ሚኒስቴሩ ውስጥ ሌላ ክፍል ጋ አለ፣ ለየብቻ ሄዶ መፈለግ ነው።

አሁን አገር ቤት ላላችሁት። ደላላ የዚህን ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክላችኋል። ሥራው እውነት ነው፣ ደሞዙ እውነት ነው፣ የእርሻው ስም እውነት ነው። ውሸቱ «ላመልክትልህ» የሚለው ነው። ማስታወቂያው የሚጠራው አሜሪካ ውስጥ ያለውን ሠራተኛ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ቀጣሪው ራሱ ነው የሚያስፈቅድለት፣ እናንተ በዚህ ገጽ በኩል ቪዛ ማመልከት አትችሉም። ድሮ ለዚህ ቪዛ የተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ነበር፣ ኢትዮጵያም በ2019 ከዝርዝሩ ወጥታ ነበር። ዝርዝሩ በጥር 2025 ስለቀረ ደላሎች «ተከፈተ» ማለት ጀምረዋል። የቀረው ዝርዝሩ ነው፣ ሥራ የሚሰጣችሁ ቀጣሪ ከሌለ የተከፈተ ነገር የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመቅጠር ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበል በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው፣ ለቀጣሪውም ለወኪሉም። «የምዝገባ»፣ «የማስያዣ»፣ «የኤምባሲ ሰው አለኝ» ብሎ ብር የጠየቃችሁ ሰው ካለ ንግግሩ እዚያው ላይ ያብቃ።

ማጣራት ከፈለጋችሁ ቁጥሩን ጠይቁት። እያንዳንዱ የእርሻ ማስታወቂያ ኤች-300 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለው። ቀጥሎ አምስት አኃዝ አለ፣ ሁለቱ ዓመቱ፣ ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደገባ ነው፣ ለምሳሌ 24015 ማለት ጥር 15 ቀን 2024 ነው። ደላላው ባለፈው ሳምንት ወጣ ያላችሁ ሥራ 22 ብሎ ቢጀምር ገባችሁ አይደል።

ገጹ በአማርኛ የለም። አሜሪካ ሆናችሁ ለማመልከት ከወሰናችሁ ግን ውላችሁ በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ደንቡ እንደ አስፈላጊነቱ እንዲሰጥ ያዛል። 790ኤውን አትማችሁ ያዙ፣ ሰዓታችሁን በየቀኑ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፣ የደሞዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ለሽንኩርቱ ብትሄዱ ከጥር ጀምሮ ገጹን ማየት ጀምሩ፣ ቀጣሪዎች ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብለው ነው የሚያስገቡት። ጓንትም ያዙ፣ የሚሰጠው ይቀደዳል።